አዲስ ያስለበስሁት መንጋጋ ቆሎ አላደቅ አለኝ

ዘንባባ_ሥር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ የጥርስ ነው፤ የሚስቅም ይሳቅ። ታች በግራ በኩል ያለችው ትልቋ መንጋጋዬ ባለፈው ክረምት ገብስ ቆሎ ውስጥ በተደበቀች ጠጠር ተሰነጠቀች። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ሄድሁ፤ ሥሯ ታክሞ፣ ላይዋ ተሞርዶ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ሽፋን ለበሰች። ቀለሟ ከጎረቤቶቿ አይለይም። ስስቅ ማንም አይነቃብኝም።

ችግሩ ያለው ማዕድ ላይ ነው። ቆሎ በዚያ በኩል ሳኝክ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ሥጋ የበላሁ ቀን ደግሞ በእሷና ከኋላዋ ባለችው መካከል ይሸጎጥና ማታውን ሙሉ በስንጥር ስጎረጉር አመሻለሁ፤ ድዴ መድማት ጀምሯል። ተመልሼ ሄጄ ብናገር «ይለመዳል» አሉኝ።

ትናንት በመስታወትና በስልክ መብራት አየኋት። በቀኝ በኩል ያለችው እኅቷ ጉብታ፣ ሸለቆ፣ መስመር ሞልቶባታል። አዲሷ ግን ጣና ዳር ማዕበል ሲያሻሸው እንደኖረ ጠጠር ልሙጥ ናት፤ መሃሏ ላይ ብቻ በአውራ ጣት የተጫኗት ይመስል ትንሽ ሰርጎድ ብላለች። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ጉብታና ቦይ ሥራ አለው ወይስ ጌጥ ነው? የምትለብሰውስ እንዲህ ልሙጥ መሆን አለባት?

ጊዮን_ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05)

ይለመዳል ያሉህ እውነታቸውን ነው ወንድሜ። እኔም ካስለበስሁ ሁለት ወር ድረስ ባዕድ ነገር አፌ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን የትኛው እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ።

ሰም_ፋቂ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30)

እኅቴ ይሁኑ ወንድሜ ስላላወቅሁ በእርስዎ ልጻፍ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ታካሚ ወንበር ላይ አላስቀምጥም፤ ሐኪም የላከልኝን ልኬት ጀሶ አፍስሼበት፣ በዚያ ላይ በሰም ጥርስ እቀርጻለሁ። ስለዚህ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ጥፋት የሰማሁ ያህል ደነገጥሁ።

የእርስዎ ጥርስ እኛ ጋ 36 ትባላለች። 3 ማለት የአፍ የታችኛው ግራ ሩብ ነው፤ 6 ማለት ከአገጭ መሃል ጀምሮ ሲቆጠር ስድስተኛ። ይህች ጥርስ አምስት ጉብታ አላት፤ ሦስት በጉንጭ በኩል፣ ሁለት በምላስ በኩል። ከጉንጭ በኩሎቹ የመጨረሻዋ ወደ ጆሮ የቀረበችው ትንሿ ናት፤ ጀማሪ ቀራጭ ሁልጊዜ የሚረሳው እሷን ነው። በምላስ በኩል ያሉት ሾል ሾል ይላሉ። በጉንጭ በኩል ያሉት ደልደል ያሉ ናቸው፤ ሸክም የሚችሉት እነሱ ስለሆኑ የላይኛዋ ጥርስ መሃል ውስጥ እየገቡ ይመታሉ።

ከየጉብታው ጫፍ ወደ መሃል አንድ አንድ ተረተር ይወርዳል። በተረተርና በተረተር መካከል ቦይ አለ። ቦዮቹ የሚገናኙበት ጎድጓዳ አለ። ሁሉም በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ላይ። አሁን አፍዎን ቀስ ብለው ግጠሙት፦ ከላይኛዋ መንጋጋ ጉብታዎች አንዷ፣ በላንቃ በኩል የፊተኛዋና ትልቋ፣ ልክ የታችኛዋ መሃል ጎድጓዳ ላይ ታርፋለች። እሷ ዘነዘና፣ ጎድጓዳው ሙቀጫ። ቆሎዎ ያልደቀቀው ሙቀጫው ተደፍኖ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ስለሚወቅጡ ነው። ቦዮቹ ደግሞ መውጫ ናቸው፤ የደቀቀው በእነሱ በኩል ወደ ምላስና ወደ ጉንጭ ይፈስሳል፤ ምላስም ሰብስቦ መልሶ ያመጣዋል። መውጫ የሌለው ምግብ ተጨፍልቆ እዚያው ይቀመጣል፤ ለማድቀቅ ደግሞ ከልክ በላይ መንከስ ይጠይቃል።

የሥጋው ነገር ሌላ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝም እሱ ነው። የመንጋጋ ማኘኪያ ገጽ በፊትና በኋላ ጠርዙ ላይ እንደ ድንበር ከፍ ያለ ተረተር አለው። ይህ የዳር ተረተር ከጎረቤቱ ጋር እኩል ቁመት ሊኖረው ይገባል። የአንዱ ዝቅ ካለ፣ የጣሪያ ነገር እንደሚያጣላ ጎረቤት፣ የላዩ ሁሉ ወደ መሃል ይወርዳል። ከዚያ በታች ሁለቱ ጥርሶች ጎን ለጎን የሚነካኩባት ነጥብ አለች፤ የጥርስ ጎን ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም፣ ሆዱ ወጣ ያለ ነው፤ የሚነካኩትም በሆዳቸው ነው። ሆድ የሌለው ሽፋን ጎረቤቱን አይነካም። መድኃኒት ቤት የጥርስ ክር ይግዙና ያሳልፉት። በጤናማ ጥርሶች መካከል ትንሽ ታግሎ «ጠቅ» ብሎ ይገባል። በአዲሷ በኩል ያለ ምንም ትግል ካለፈ፣ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ጊዮን_ማዶ እንዳለው የሚለመድ ነገር አለ። የሚለምደው ግን ምላስ ነው። ድድ ሥጋ ሲሸጎጥበት አይለምድም፤ ይሸሻል፣ ከሥሩም አጥንቱ ይከተለዋል።

ጡረተኛው_መምህር (ማክሰኞ፣ ከጧቱ 1:15)

ልጆች፣ ባዮሎጂ ያስተማርሁባቸው ዓመታት አላስተኙኝምና አንድ ነገር ልጨምር። በቅድሚያ የቃሉ ነገር። ሰው «ክራውን» ሲል ሐኪም የሚያለብሰውን ብቻ ይመስለዋል። ከድድ በላይ የሚታየው የተፈጥሮ ክፍል ራሱ የጥርስ ዘውድ ነው፤ ሥሩ በአጥንት ውስጥ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር አንገቱ ነው። ዘውዱን የሚሸፍነው ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶው ማዕድን ነው፤ በሰውነታችን ከዚህ የጠነከረ ነገር የለም። የሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ አብረው ይጠፋሉ። አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፤ ኢናሜል አንዴ ከሄደ ሄደ።

አሁን ወደ ልሙጧ መንጋጋ። እናቴ የድንጋይ ወፍጮ ነበራት፣ መጁም እስከ ዛሬ አለ። መጁ ሲለሰልስ ጤፉ ሳይፈጭ እየተንከባለለ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ወቃሪ ትጠራለች ወይም ራሷ ተቀምጣ ጠክ ጠክ እያደረገች ትወቅረዋለች፤ ድንጋዩ እንደገና ሻካራ ሲሆን ዱቄቱ ይወርዳል። ዘንባባ ሥር የጻፈው ሰው ያለበሱት ያልተወቀረ መጅ ነው።

ላም ግን ወቃሪ አያስፈልጋትም። የላም መንጋጋ ሲበላ የኢናሜሉ መስመሮች ጠንካራ ስለሆኑ ቆመው ይቀራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ለስለስ ያለ ዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለው የጥርስ አካል) ይጎደጉዳል፤ ጥርሷ እየበላ ራሱን ይወቅራል። (ከፊት ላይኛው ድዷ ላይ ጥርስ እንደሌላት የከተማ ልጅ ስነግረው አያምነኝም።) በአንድ ወቅት በቤተ ሙከራችን ዐባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ የመጣ የጉማሬ መንጋጋ አጥንት ነበረን። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ክራንቻውን ነበር። እኔ የማሳያቸው የኋላ ጥርሶቹን ነው፤ የተበላው ገጽ ላይ የኢናሜሉ መስመር የሦስት ቅጠል ቅርጽ ይዞ ይታያል፣ ሐረግ የተሣለበት ይመስላል። የእኛ የሰዎቹ እንዲህ አይደለም፤ ጉብታችን ሲበላ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ታንኳ_ቀዛፊ (ማክሰኞ፣ ከጧቱ 2:02)

መምህር፣ የጣናን ነጭ ዓሣ ረሱት። ቀረሶ ከንፈሩ ላይ ደቃቅ ጥርስ አለው፣ በጣት ሲነኩት ይሻክራል። ነጭ ዓሣ ግን አፉን ቢከፍቱት ድድ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሚስቴ ሾርባ ስትሠራ አጥንቱን አውጥታ «ይህ ምንድን ነው» አለችኝ፤ ትንንሽ ጥርስ የተተከለበት ማጭድ የመሰለ አጥንት ነበር። ያለቦታው ገብቼ ከሆነ ይቅርታ።

ጡረተኛው_መምህር (ማክሰኞ፣ ከጧቱ 2:20)

ቦታህ ነው ልጄ። እሱን ላስተምር ፈልጌ የዓሣ ራስ ይዤ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ከሽታው የተነሣ ወጡ።

ሁለተኛ_ዓመት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:50)

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ሰም ፋቂ የጻፉትን ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው። እኛ አሁን ያለነው ሳሙና ላይ ነው፤ በቢላዋ ጥርስ ከሳሙና ቀርጸን እናስረክባለን፤ ክፍላችን እንደ ልብስ ማጠቢያ ይሸታል። ሳሙናው ሲያልቅብኝ ከጊዮርጊስ አካባቢ ጧፍ ገዝቼ አቅልጬ ሞከርሁ። የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልስና ጉብታው ከጣቴ ጋር ይሄዳል። አታድርጉት።

እስካሁን ያስለቀሰችኝ መንጋጋ አይደለችም፤ የላይኛዋ የመጀመሪያ ትንሽ መንጋጋ ናት፣ ከክራንቻ ቀጥላ ያለችው። ሁለት ጉብታ ብቻ ስላላት ቀላል መስላኝ ነበር። ግን የጉንጭ በኩሉ ጉብታ ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ክራንቻም ሆነ ጎረቤቷ ትንሽ መንጋጋ ወደ ፊት ነው የሚያዘነብሉት። በፊት ጎኗ ደግሞ አንገቷ አጠገብ ሰርጎድ ብላለች፣ የዳር ተረተሩንም አንድ ቦይ አቋርጦት ይወርዳል። መምህሬ ሳሙናዬን በጣታቸው ዳሰው «ይህ የቀኝ ነው የግራ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። እንደገና ሥራ ተባልሁ።

አንድ ጥያቄ ለሰም ፋቂ፦ ካራቤሊ የሚባለውን ጉብታ ለታካሚ ትቀርጻላችሁ? የላይኛዋ ትልቋ መንጋጋ ላይ፣ በላንቃ በኩል፣ ከፊተኛው ጉብታ ጎን ላይ የምትወጣዋ ተጨማሪ። በ1842 ስለ እሷ የጻፈው የቪየናው የጥርስ ሐኪም ጌኦርግ ካራቤሊ ነበር። እኔ በምላሴ ስዳስስ በሁለቱም በኩል አለችኝ፤ አልጋ ጎረቤቴ የለውም፣ ሰርጎድ ያለ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ለታካሚው ደግሞ ምክሬ፦ አምስቱን ጉብታ እንደ መጽሐፉ አሟልተው እንዲሠሩልዎ ይጠይቁ።

ሰም_ፋቂ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10)

ወንድሜ፣ ካራቤሊን የምቀርጸው በሌላኛው ጎን ካለች ነው። ምላስ ያውቃታል፤ ከጠፋች ይፈልጋታል። ከማኘክ ጋር ግን ጉዳይ የላትም፣ ተቃራኒ ጥርስ አይነካትም።

በምክርህ ግን አልስማማም። መጽሐፍህ የሚያሳይህ ገና የወጣ ጥርስ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቆሎና ጥሬ ሲቆረጥም የኖረ፣ ጎረቤት ጥርሶቹ ተበልተው ጉብታቸው ዝቅ ብሏል። በዚያ መሃል አንዲት ሹል ባለ አምስት ጉብታ ብታቆምበት፣ አገጩ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር እሷ ትጋጫለች፤ ወይ ሽፋኑ ይሰበራል ወይ ጥርሱ ያመዋል። አንድ ጊዜ እንደዚህ ያለ ሠርቼ ነበር። ጀሶው ላይ ሳየው ኮራሁበት። ሐኪሙ ግማሹን ጉብታ ወንበሩ ላይ ሞርዶ ጣለብኝ፤ ትክክል ነበር። እኔ ከመቅረጼ በፊት የማየው መጽሐፍ አይደለም፤ የሌላኛውን ጎን ጥርስ ነው። የዘንባባ ሥር ሰው የቀኝ በኩሏን እኅቷን ማየታቸው ለዚህ ነው ደስ ያለኝ።

ጧፉን በተመለከተ፦ እኛ የምንጠቀመው ጠንከር ያለ ቅልቅል ሰም ነው፤ እሱንም አንፍቀውም፣ በጋለ መሣሪያ ጠብታ በጠብታ እየጨመርን ጉብታውን እናቆማለን። መጠሪያዬ ግን የድሮ ነውና አይቀየርም። ከሰሙ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፦ ሰሙ በጭቃ መሳይ ነገር ይሸፈናል፣ ይቃጠላል፣ ቀልጦ የወጣበት ባዶ ቦታ ላይ ብረት ይፈስስበታል። የመስቀል ሠሪዎቻችንም መንገድ ይኸው ነበር።

የሁለት_ልጆች_እናት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30)

ይህን ሳነብ የልጄን አፍ ከፍቼ አየሁ። ስድስት ዓመት ተኩል ናት። ከኋላ አንድ ትልቅ ጥርስ ብቅ ብሏል፣ ምንም አልወለቀላትም። የወተት ጥርስ ነው ብዬ ነበር የተውሁት። ጉብታ ስቆጥር ከፊቱ ያለውም ያኛውም አምስት አምስት ነው። የትኛው ነው የሚወልቀው?

ሰም_ፋቂ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:45)

እናት፣ እንኳን አዩት። የኋለኛው የማይወልቀው ነው፤ የዘንባባ ሥር 36 ዓይነት ነው፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ ይወጣል፤ ማንንም ስለማያስወልቅ ብዙ ወላጅ ሳያውቀው ይበሰብሳል። ከፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ትንሽ ወንድሙን ይመስላል፤ ግን ነጣ ያለ ነው፣ አንገቱ አጠገብ ያብጣል፣ በጉንጭ በኩል ያሉት ሦስት ጉብታዎቹም መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። በአዲሱ ላይ ሦስተኛዋ ታንሳለች።

አሁን ቦዮቹን ይጠብቁ። ከላይ ያመሰገንኋቸው ቦዮች ጠላትም ናቸው፤ የአንዳንዱ ታች ከብሩሽ ፀጉር ይጠብባል። መፋቂያም ብሩሽም የቦዩን አፍ ያጸዳል እንጂ ታቹ አይደርስም። ጉንጭ በኩል ያለው ቦይ መጨረሻው ላይ አንዳንዴ ነጥብ የምታህል ጉድጓድ አለች፤ እሷም አትረሳ። ቦዩን በቀጭን ሙጫ መሳይ ነገር የሚደፍን ሕክምና አለ፤ ሳይበሰብስ ነው የሚደረገው። ሐኪም ይጠይቁ።

የሁለት_ልጆች_እናት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴ ደግሞ ይህችን ልጅ ሕፃን ሳለች ባተኮሳት ጊዜ «ግግ ነው፣ ይውጣላት» ብላ ነበር። እንኳን እንቢ አልሁ።

ሁለተኛ_ዓመት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25)

እንኳንም እንቢ አሉ። ድዱ ላይ «ግግ» እየተባለ በሹል ነገር የሚወጣው የወተት ክራንቻው እምቡጥ ነው። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ዘውድ መሠራት ይጀምራል፤ መሣሪያው ከነካው ተጎሳቁሎ ይወጣል ወይም ጨርሶ አይወጣም። ትኩሳቱና ተቅማጡ ምክንያታቸው ሌላ ነው።

ከሸለቆው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:00)

የእኔ ጥርስ ቡናማ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ያየኝ ሁሉ ሲጋራ ይመስለዋል። ያደግሁት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ወደዚህ መጣን። ሐኪም ሲያስረዳኝ የገረመኝ፣ የፊት ጥርሶቼ ዘውድ እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ድድ ውስጥ ተሠርቶ አልቆ ነበር። የጠጣሁት ውኃ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ቀረ። እዚህ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ ነው።

ጡረተኛው_መምህር (ሐሙስ፣ ከጧቱ 12:50)

ይህ ልጅ ትክክል ብሏል፤ ዘውድ የሕፃንነት መዝገብ ነው። ለዚህም ነው አጥንት ፈላጊዎች ጥርስ ሲያገኙ የሚደሰቱት። በ2007 እ.ኤ.አ. ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለው ጥንታዊ ዝንጀሮ መሰል ፍጡር ሲታወቅ በእጃቸው የነበረው ዘጠኝ ጥርስ ብቻ ነበር፤ ዕድሜው 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የመንጋጋዎቹ ተረተር ቅጠል መቁረጫ መሆኑን አይተው ነው ከጎሪላ ጋር ያቀራረቡት። «ሰላም» የተባለችው፣ አፋር ውስጥ ዲኪካ የተገኘችው የጥንት ሕፃን ቅሪት ደግሞ በመንጋጋዋ ውስጥ ገና ያልወጡት ቋሚ ጥርሶቿ ዘውድ በራጅ ታይቷል፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ሊወጡ ሲጠባበቁ።

ጊዮን_ማዶ (ሐሙስ፣ ከጧቱ 2:30)

ሰውየው ስለ ቆሎ ጠየቀ፣ እናንተ ዲኪካ ደረሳችሁ።

ዘንባባ_ሥር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:15)

ሰውየው ሳልሆን ሴትየዋ ነኝ፤ ይቅርታ፣ ቀድሜ አልተናገርሁም። የሁላችሁንም አንብቤያለሁ።

ክሩን ገዛሁ። በቀኝ በኩል «ጠቅ» አለ። በአዲሷና በኋለኛዋ መካከል እንደ ክፍት በር አለፈ። ትናንት ያንኑ ክሊኒክ ሄጄ ክሩን ሐኪሙ ፊት አሳለፍሁት። ሐኪሙ አልተቆጣም። ባለቀለም ወረቀት አስነክሶኝ አፌን ከፈተ፤ መስታወቱን ሰጥቶኝ እኔም አየሁ። በቀኟ ላይ ሰማያዊ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። በአዲሷ ላይ አንድ ሰፊ ሰማያዊ ግርፍ ብቻ። ሽፋኑ ከተጣበቀ በኋላ በሰላም ስለማይወጣ ለሁለት ቆርጦ አወጣው፤ ለጊዜው የፕላስቲክ አደረገልኝ። ቁራጮቹን ለምኜ ወሰድኋቸው፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።

ሰም_ፋቂ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:30)

እኅቴ፣ ጎበዝ። የተቆረጠበትን ጎን ወደ ብርሃን አዙረው መሃሉ ላይ ምን ያህል እንደሚወፍር ማስመሪያ ይዘው ይንገሩኝ። ብረቱንም ነጩንም አብረው።

ዘንባባ_ሥር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05)

ዳር ዳሩ ወፍራም ነው። መሃሉ ላይ ግን አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ብረቱ ከውስጥ በኩል በነጩ ሥር ጠቆር ብሎ ይታያል።

ሰም_ፋቂ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:20)

እንዲያ ከሆነ የማላውቀውን ባልደረባዬን ሳልሰማው አምቼዋለሁ። ብረትና ፖርሴሊን ላይ ጉብታና ቦይ ለማቆም በማኘኪያው በኩል ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እስከ ሁለት የሚደርስ ቦታ ያስፈልጋል። ጥርስዎ ሲሞረድ ያን ያህል ዝቅ አላለም። ሰውየው ጎድጓዳ ልቅረጽ ቢል ብረቱ ላይ ይወጣበት ነበር፤ ደልድሎ ላከው። ከጎን በኩል ጎረቤቷን አለመንካቷ ግን የእሱ ነው፣ እሱን አልምረውም። ለሐኪሙ ቁራጩን ያሳዩት፤ አዲስ ልኬት ከመወሰዱ በፊት መሃሏን ትንሽ ዝቅ ያድርጋት። አዲሱ ሲመጣም ሳይጣበቅ በፊት ክሩን እዚያው ያሳልፉ።

ዘንባባ_ሥር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31)

ማክሰኞ ጧት ቀጠሮ አለኝ። ሁለቱን ቁራጭ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ።